ካዛንችስ፦ ቤቱ ተለካ፣ ቦታው ግን አልተለካም

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንችስ ደረሰ። ከዚያ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ፣ ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ተነስቷል። ስለዚህ ካዛንችሶች ምን እየመጣ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሆኖም ቀኑ ሲደርስ በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ የውሃ ቆጣሪና በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀሙ የኖሩ ቤተሰቦች ዕጣቸው ለየቅል ሆነ። አንዱ ምትክ ቦታና ካሳ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው የምትክ ቤት ቁልፍ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ዕቃውን ጭኖ ዘመድ ቤት ይገባል። ማን የት እንደሚወድቅ የወሰነው ከገቢው ይልቅ በእጁ ያለው ወረቀት ነው። ከወረቀቱ በስተጀርባ ደግሞ አንድ የስሌት ችግር አለ፦ ካሳ የሚለካው ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ሰዎቹን ሲያበላ የኖረው ግን ቦታው ነው።

ሰፈሩ ለምን ይፈለጋል

ካዛንችስ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሠሩበት ሰፈር ነው። ትልቁን ዋጋ ያገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሒልተን፣ በኋላም ሬዲሰን ብሉና ሌሎቹ ሆቴሎች በእግር በሚደረስ ርቀት ተሰበሰቡ። ስብሰባ ባለ ቁጥር ሆቴል ይሞላል፣ ሆቴል ሲሞላ አልጋ የሚያነጥፍ፣ አንሶላ የሚያጥብ፣ በር የሚጠብቅ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ እንጀራ የሚያቀርብ ይፈለጋል። ያ ሁሉ ሰው ከትልቁ መንገድ ጀርባ፣ በጭቃና በቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ይኖር ነበር። ሥጋ ቤቱም፣ ቡና ቤቱም፣ ጋራዡም በዚሁ ጎረቤትነት የቆሙ ናቸው።

የቤቶቹ ታሪክ የሚነሳው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። የዝቅተኞቹ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለቤቱ ግን ሞት ነበር፤ በወር በሚሰበሰብ ጥቂት ብር ጣሪያ ማደስ አይቻልም። ተከራዩም የራሱ ያልሆነን ቤት በገንዘቡ አያድስም፣ ቢያድስም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ሲቆይ ግድግዳው ዘመመ፣ ቤተሰቡ ተባዛ፣ በግቢው ባዶ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ተቀጠለች፣ ከሷ ጎን ሌላ። ዛሬ «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ የሚፈረጀው አብዛኛው በዚህ መንገድ የተጎሳቆለ ነው። አከራዩ መንግሥት መሆኑ ሲረሳ ጥፋቱ በነዋሪው ላይ ይላከካል።

ከሁለት አሥርት ዓመታት በፊትም ካዛንችስ አንድ ዙር የመልሶ ማልማት አይቷል። ያኔ ከፊሉ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል፤ በቦታው ሆቴሎችና ቢሮዎች ቆመዋል። የ2017ቱ ከዚያ የሚለየው በስፋቱና በፍጥነቱ ነው።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ዓይነት ነዋሪ

የተለመደውን የካዛንችስ የውስጥ ግቢ እንውሰድ። በሩ አንድ ነው። ፊት ለፊት ካርታ ያለው የግል ቤት ይኖራል፤ በ1967 አንድ ቤት ብቻ ስለነበራቸው ያልተወረሰባቸው ሰዎች ወራሾች የሚኖሩበት። በግራና በቀኝ ሁለት ሦስት የቀበሌ ቤቶች አሉ። ከቀበሌ ቤቶቹ በአንዱ ውስጥ የተከራዩ ልጅ አግብቶ፣ በመጋረጃ ወይም በኮምፔንሳቶ ከፍሎ፣ የራሱን ጉልቻ መሥርቷል፤ ወረዳው «ጥገኛ» ይለዋል። በሌላው ውስጥ ደባል አለ፤ ክፍል ወይም አልጋ ተከራይቶ ከቀበሌ ቤት ተከራዩ ጋር የሚኖር። ወደ መንገዱ የዞረችው ክፍል ሱቅ ናት፣ እሷም የቀበሌ ንግድ ቤት ልትሆን ትችላለች። ከአጥሩ ውጭ ጉልት የምትቸረችር ሴት ተቀምጣለች፤ ምሽት ላይ ሚዛኗንና ጆንያዋን የምታሳድረው ግቢ ውስጥ ነው።

ሕጉ እነዚህን ሰዎች የሚያያቸው እንዲህ ነው።

የግል ባለይዞታው ለቤቱ የገንዘብ ካሳ፣ ለቦታው ምትክ ቦታ ያገኛል፤ ቤት እስኪሠራ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ይታሰብለታል። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መከራየት። ጥገኛው ችግር ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ የተከፈተው በአንድ ተከራይ ስም ስለሆነ የሚሰጠው ቤትም አንድ ነው፤ ሦስት ጉልቻ በአንድ ቁልፍ ይወጣል። ደባሉ ከነአካቴው የለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ክፍል መልሶ ማከራየት ስለማይፈቀድለት ውል አይጻፍም፣ ውል ከሌለ ደግሞ እዚያ መኖሩን የሚያስረዳ ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይን ለመጠበቅ በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይጠይቃል። ደባሉ ይህን ከለላ የሚያገኝበት በር አልነበረውም፤ ውሉን ለማስመዝገብ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጎዳው አስጠግቶት የኖረው ጎረቤቱ ነው።

የጉልቷ ሴት በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አትገባም። የሚፈርስ ንብረት የላትም። የነበራት ዱቤ የምትሰጣቸው ደንበኞችና ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ሂደቱ፣ የሚሰናከልበትም ቦታ

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ሂደቱ እንዲህ መሄድ ነበረበት። ባለይዞታው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል። ንብረቱ ይቆጠራል፣ ይለካል፤ ካሳው ይሰላል። ካሳው ከተከፈለው በኋላ ለማስረከብ እስከ 120 ቀን ጊዜ ይኖረዋል። ቅር ከተሰኘ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ያመለክታል። በዚያው አዋጅ ብዙ የማይወራለት አንድ መብት አለ፦ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው፣ በግል ወይም ተደራጅተው፣ ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ አላቸው።

በተግባር የታየው ሌላ ፍጥነት ነው። በሩ ላይ ቁጥር በቀለም ይጻፋል፣ ሜትር የያዙ ሰዎች ገብተው ይለካሉ፣ የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል፣ ፋይል ይጣራል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ መኪና ይመጣል። ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ፍጥነቱ በራሱ ክፋት አይደለም። ዓመታት በ«ይፈርሳል» ወሬ ተንጠልጥሎ መኖርም ሰውን ያደቃል፤ ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ማንም አያድስም። ችግሩ የፋይል እንከን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ጊዜ ከሳምንታት በላይ መሆኑ ነው።

እንከኑ ደግሞ ያው ተደጋጋሚ ነው። የኪራይ ውሉ በሞተ አባት ወይም እናት ስም ነው፤ ስም ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ተፋተዋል፣ ውሉ ያለው ቤቱን ትቶ በሄደው ባል እጅ ነው። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና ሜትሩ ያገኘው ስፋት አይገጥሙም፣ ምክንያቱም ከካርታው በኋላ የተቀጠለችው ክፍል አልተመዘገበችም፤ ያልተመዘገበችው ክፍል ደግሞ ለኪራይ የምትውለው ናት። ተከራዩ ውጭ አገር ሄዶ እህቱ በቤቱ ስትኖር ቆይታለች። እነዚህን ለመፍታት 30 ቀን በቂ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ግን ጊዜው አለ ቢባልም የሚለካው ነገር የለም። የልኬት ክርክር የሚያሸንፈው ግድግዳው ቆሞ እያለ ብቻ ነው።

የገንዘቡ ስሌት

የቤት ካሳ የሚሰላው በመተኪያ ዋጋ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ቤት ዛሬ ለመሥራት በካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ወጪ። ጭቃ ቤት በመሠረቱ በጭቃ ቤት ዋጋ ይተመናል። ችግሩ ምትክ ቦታ ላይ የጭቃ ቤት ሠርተህ አትገባም፤ የግንባታ ፈቃዱ ብሎኬትና ብረት ይጠይቃል። ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ 100 ብር ተሻገረ። ካዛንችስ የተነሳው ከዚያ ወራት ብቻ ቆይቶ ነው። ካሳው በአንድ ቀን ዋጋ ይተመናል፣ ብረቱና ሚስማሩ በሌላ ቀን ዋጋ ይገዛል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ተነሺው ነው።

ቁጥሩን ለማስረዳት ብቻ በግምት እንሥራው። 120 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ 60 ካሬ ሜትር ቤት አለ እንበል። የመተኪያ ዋጋው በካሬ 15,000 ብር ቢሆን የቤቱ ካሳ 900,000 ብር ይወጣል። ያው ቦታ ለሊዝ (ለረጅም ዘመን የመሬት ኪራይ) ጨረታ ቀርቦ በካሬ 100,000 ብር ቢያወጣ ደግሞ 12 ሚሊዮን ብር ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ይህ 12 ሚሊዮን የባለይዞታው አይደለም፤ እሱ በምትኩ ዳር ላይ ቦታ አግኝቷል። ግን ሁለቱ ቦታዎች አንድ ስፋት ቢኖራቸውም አንድ ዋጋ የላቸውም። ሕጉ «ምትክ» ሲል የሚቆጥረው ካሬ ሜትር ነው፤ በካዛንችስ አንድ ካሬና በከተማዋ ጫፍ አንድ ካሬ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው።

ቦታውን የሚወስደው አልሚ የሚከፍለው በሌላ ሥርዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ ጨረታ አሸናፊ የሚለየው 80 በመቶው ባቀረበው ዋጋ፣ 20 በመቶው ባቀረበው ቅድመ ክፍያ ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ይከፈላል። በአዲስ አበባ የንግድ ቦታ የሊዝ ዘመን 60 ዓመት ነው። ማለትም አልሚው 500 ካሬ በዚሁ ግምታዊ ዋጋ ቢያሸንፍ ለ50 ሚሊዮን ብር ቦታ 5 ሚሊዮን ብር ይዞ መጀመር ይችላል። ተነሺው ግን ኮንዶሚኒየም ከመረጠ በ20/80 ሥርዓት አንድ አምስተኛውን በአንድ ጊዜ ማቅረብ አለበት። ለመንግሥት ቦታ 10 በመቶ፣ ለድሃ ቤት 20 በመቶ።

የቤቱን ክፍያ ደግሞ እንይ። ዋጋው 500,000 ብር የሆነ አነስተኛ ቤት 100,000 ብር ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። ቀሪውን 400,000 በ20 ዓመት ብትከፋፍለው ወለዱ ሳይጨመር በወር ወደ 1,670 ብር ነው። በወር ጥቂት ብር የቀበሌ ኪራይ ሲከፍል ለኖረ ጡረተኛ ይህ የአኗኗር ለውጥ ነው። ቀደም ባሉት የመልሶ ማልማት ሥራዎች የታየው መንገድም ይኸው ነበር፦ ኮንዶሚኒየሙን ለአምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም፣ ማከራየት ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ፣ ዕዳውን በኪራዩ እየከፈለ፣ ራሱ ርካሽ ክፍል ፈልጎ ይገባል። በመዝገብ ባለቤት ነው፣ በኑሮው ደባል ሆኗል።

ገላን ጉራ

ብዙዎቹ የካዛንችስ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የገቡት አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ ነው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ቤቱ ከለቀቁት ቤት ይሻላል። ግድግዳው አይዘምም፣ ሽንት ቤቱ የራስ ነው፣ ልጆች ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዘው አይሯሯጡም። ሰፈሩ ሲሠራ ትምህርት ቤትና ሌሎች አገልግሎቶች አብረው ታስበዋል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ሰው ይጣል ከነበረበት ከቀደመው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ይህ መሻሻል ነው። ተነሺዎቹ በአንድነት መሄዳቸውም ጎረቤትን በከፊል አትርፏል።

ርቀቱ ግን አለ። ከካዛንችስ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ቀላል ባቡሩ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ወይም አውቶብስ ነው። ሒልተን አካባቢ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጧት ሥራ የምትገባ የጽዳት ሠራተኛ በፊት ከቤቷ በእግሯ አሥር ደቂቃ ነበር። አሁን ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየር፣ ማታም ያንኑ መድገም አለባት። የማታ ፈረቃ ለሚሠራ አስተናጋጅ ከዚህ ይብሳል፤ ምሽት አራት ሰዓት ሲወጣ ታክሲ የለም፣ ኮንትራት ደግሞ የቀን ገቢውን ይበላል። ሥራውን የሚለቀው ተባርሮ አይደለም፣ አላዋጣ ብሎት ነው። በዚህ ምክንያት የሚጠፋ ገቢ በቤቱ ካሳ ስሌት ላይ አይታይም።

እንጀራ ጋግሮ መሸጥን ቀረብ ብለን ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ካዛንችስ ውስጥ አንዲት ጋጋሪ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ትጋግራለች። ለዚህ የሚያስፈልጋት ምጣድ፣ የሊጥ በርሜል፣ ጭሱና እንፋሎቱ የሚወጣበት ጥግ፣ ከሁሉ በላይ ትኩስ እንጀራ በእጅ ተይዞ በእግር የሚደረስ ደንበኛ ነው። አዲሱ ቤት ስትገባ በቅድሚያ የሚገጥማት መብራቱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ መስመር አንዱን ይችላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብትሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ እንፋሎቱ ግድግዳ ያሻግታል፣ የታች ጎረቤት ያጉረመርማል። እንጨት ማንደድ አይታሰብም። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ አዲሱ ሰፈር ውስጥ እንጀራ የሚገዛ ምግብ ቤት ጥቂት ነው፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ እንደሷው ጋጋሪዎች ናቸው። ከተማ ውስጥ የነበራት ጥቅም ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን መኖራቸው ነበር። ድሃውን ብቻ ሰብስቦ አንድ ቦታ ማስፈር ሻጩን ከገዢው ይለያል።

እድሩም የራሱ ጣጣ አለው። የካዛንችስ እድሮች ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የባንክ ሂሳብ ያላቸው ናቸው። አባላቱ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም በተገኘበት፣ ባለካርታዎቹ ምትክ ቦታ በወጣላቸው አቅጣጫ ሲበተኑ ቀብር ላይ ያልተገኘን የሚቀጣው ደንብ ሊሠራ አይችልም። ንብረቱን ማካፈል አንድ መፍትሔ ነው፤ መዋጮውን አስቀጥሎ መገኘቱን ማላላት ሌላ። ሁለተኛው የሚያዋጣው ለገንዘቡ ብቻ ነው፤ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን የሚያድር ጎረቤት በገንዘብ አይተካም።

ካዛንችስ ላይ የቀረው

መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ የምሽት መብራቱ ያማረ ነው። በአሮጌው ካዛንችስ ጭቃ ረግጦ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ቢደሰት አያስነቅፍም። የቀሩት ባለሕንፃዎች ፊታቸውን በራሳቸው ወጪ አድሰዋል፤ ወጪው ደግሞ ዞሮ ዞሮ በሱቅ ኪራይ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሕንፃው ሳይፈርስ ተከራዩ የሚለቅበት ሁለተኛ ዙር መፈናቀል አለ፤ ይህኛው ጩኸት የለውም። ፀጉር ቤቱ ወደ ጎን መንገድ ይሸሻል፣ ጫማ ሰፊው ጥግ አጥቷል፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ንግድ ስለማይፈቀድ ሊስትሮና ጉልት ከደንብ አስከባሪ ጋር ሲሯሯጡ ይውላሉ።

መሬቱ ራሱ መታየት ያለበት በጊዜ ገደቡ ነው። የሊዝ አዋጁ ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ለአነስተኛ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ብሎ ወስኗል። ቀድሞ በመሐል ከተማ ነዋሪ የተነሳባቸው ቦታዎች በቆርቆሮ ታጥረው ለዓመታት ሣር ሲበቅልባቸው አይተናል። ሰው በሳምንታት ተነስቶ ቦታው ለዓመታት ባዶ ከተቀመጠ ጥድፊያው ለማን ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

ሊደረግ ይችል የነበረው ብዙም ውስብስብ አይደለም። ከመነሳቱ ስድስት ወር በፊት በየግቢው የጉልቻ ቆጠራ ቢካሄድና ጥገኛና ደባል ያለ ቅጣት ቢመዘገቡ፣ ቢያንስ ለኪራይ ምትክ ቤት ተራ ይያዝላቸው ነበር። በቦታው ከሚቆሙት ሕንፃዎች ምድር ቤት የተወሰነው ካሬ ለቀድሞዎቹ የቀበሌ ንግድ ቤት ተከራዮች በተመጣጣኝ ኪራይ ቢተው የጨረታውን ዋጋ ብዙ አያወርደውም። ባለይዞታዎች ተደራጅተው የማልማት ቅድሚያቸውም የሚሠራው ባንክ አብሯቸው ሲቀመጥ ነው፤ ይዞታቸውን አዋጥተው አክሲዮን የሚይዙበት ውል አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በተሰጣቸው ቀናት ውስጥ ሃያ ወራሽ አስማምቶ ዕቅድ ማቅረብ የማይሆን ነው።

በመሐል ከተማ ገና ያልተነሱ ተመሳሳይ ሰፈሮች አሉ። እዚያ ያለ የቀበሌ ቤት ተከራይ ከአሁኑ ሊሠራው የሚችለው ይህ ነው፦ ውሉ በሕይወት ባለና በቤቱ በሚኖር ሰው ስም መሆኑን ወረዳ ሄዶ ያጣራ፤ የኪራይ ደረሰኞችን ከመብራትና ከውሃ ደረሰኞች ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ። የግል ባለይዞታ ከካርታው በኋላ የተጨመሩ ክፍሎችን ስፋት አስለክቶ ፎቶ ያንሳ፣ ውርስ ካልተጣራ ያስጣራ። ጥገኛና ደባል የነዋሪነት መታወቂያቸው ላይ ያለው የቤት ቁጥር የሚኖሩበት ቤት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የልጆች የትምህርት ቤት ሰነድና የእድር መዝገብ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል። ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ደግሞ የደረሰበትን ቀን ጽፎ ይያዝ፤ የአቤቱታው 30 ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ አቤቱታውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ገብቶ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ይመታበት።